በዕጢው ውስጥ የተጻፈው

ተጠራጣሪዋ፦ ጋሼ፣ የኩላሊት ካንሰር ይዞት የሚመጣ ሰው እኔን የሚጠይቀኝ የታወቀ ነው። ይወጣል ወይ? ተሰራጭቷል ወይ? ስንት ብር ይፈጃል? ስለ ጂን የጠየቀኝ የለም። ዕጢው በአልትራሳውንድ ይታያል፣ በሲቲ ስካን ይረጋገጣል፣ ከዚያ ኩላሊቱ ወይም የኩላሊቱ ክፋይ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የዘረመል ንባቡ ከዚህ ውስጥ የቱን ይለውጣል?

ተስፈኛው፦ መቼ እንደሚቆረጥና ምን ያህል እንደሚቆረጥ ይለውጣል። ሁለት ሰዎችን እናስብ፤ የሁለቱም ኩላሊት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ዕጢ አለ። አንደኛው ቪኤችኤል የሚባለው ጂን ተበላሽቶ የሚወረስበት ቤተሰብ ልጅ ነው። የእሱ ዕጢ 3 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ በክትትል ይጠበቃል። ከዚያ በታች ያለው እምብዛም አይሰራጭም፤ ደግሞም ዕድሜውን ሙሉ አዳዲስ ዕጢ ስለሚወጣበት በታየ ቁጥር ቢቆረጥ ኩላሊት አይተርፈውም። ሁለተኛው የተበላሸበት ጂን ኤፍኤች ነው። የእሱ ዕጢ ትንሽ ነው ተብሎ አይጠበቅም፤ ገና በትንሽነቱ ሊሰራጭ ስለሚችል እንደታየ፣ በዙሪያው ካለው ጤነኛ አካል ጭምር ሰፋ ተደርጎ ይወጣል። ለአንደኛው መቸኮል ጉዳት ነው፣ ለሁለተኛው መዘግየት ሞት ሊሆን ይችላል።

ተጠራጣሪዋ፦ እሺ፣ እነሱ ግን በዘር የመጣባቸው ናቸው። ከኩላሊት ካንሰር ሕመምተኞች መካከል በዘር መምጣቱ የሚታወቀው ከመቶ አምስት ያህል ቢሆን ነው። የቀሩት ዘጠና አምስቱ ከማንም ያልወረሱት ነው። ለጥቂት ቤተሰቦች የሚሠራውን ለሁሉም እንደሚሠራ አድርገው አይንገሩኝ።

ተስፈኛው፦ የቀሩትን ዘጠና አምስቱን እንድናውቅ ያደረጉን እኮ እነዚያ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። በ1979 አሜሪካ ውስጥ የኩላሊት ካንሰር በትውልድ በትውልድ የሚመታው አንድ ቤተሰብ ተጠና፤ የታመሙት ሁሉ የክሮሞዞም 3 ቁራጭ ከክሮሞዞም 8 ቁራጭ ጋር ቦታ የተለዋወጠባቸው ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ክሮሞዞም 3 ላይ ጣሉ። በ1993 የቪኤችኤል ጂን እዚያው፣ አጭሩ ክንድ ጫፍ አካባቢ ተገኘ። ቀጥሎ በዘራቸው ምንም የሌለባቸው ሰዎች ዕጢ ሲመረመር ያው ክንድ ጎድሎ ተገኘ። ከኩላሊት ካንሰር ሦስት አራተኛ የሚሆነው ክሊር ሴል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከክሊር ሴል ዕጢዎች ደግሞ ከአሥሩ በዘጠኙ የዚህ ክንድ አንዱ ቅጂ ጠፍቷል። የወረሰው ሰው አንዱን የቪኤችኤል ቅጂ ተበላሽቶ ይወለዳል፤ ያልወረሰው ሁለቱንም በሕይወቱ ውስጥ ያጣል። መድረሻቸው አንድ ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ አንድ ጂን ጎደለ ማለት ምን ማለት ነው? ለሕመምተኛዬ በሚገባው ቋንቋ ንገሩኝ።

ተስፈኛው፦ ከቆላ ተነስቶ ስሜን ተራሮች ላይ የወጣ ሰው ሰውነት ምን ያደርጋል? አየሩ ይሳሳል፣ ኦክስጅን ያንሳል። ኩላሊቱ ይህን ያውቅና ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ትዕዛዙ የሚመጣው ሂፍ ከሚባል ፕሮቲን ነው። ሂፍ ዘወትር ይመረታል፤ ኦክስጅን ሲበቃ ግን ቪኤችኤል ይይዘውና እንዲፈርስ ያደርገዋል። ኦክስጅን ሲያንስ ሂፍ ሳይፈርስ ይቆያል፣ አዲስ የደም ሥር አብቅሉ፣ ስኳር በብዛት ውሰዱ እያለ ያዛል። ቪኤችኤል የጠፋበት የኩላሊት ሴል እንግዲህ ምንም ያህል ኦክስጅን ቢኖረው ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ እንደወጣ ሆኖ ይኖራል። የኩላሊት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም በደም የሚሆንብሽ ለዚህ ነው፤ የደም ሥሩን ያበቀለው ያ የማይቆም ትዕዛዝ ነው። ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለኩ የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ኬሊን ወደዚህ የገባው የቪኤችኤል ቤተሰቦችን ሕመም ሊረዳ ሲል ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ ያምራል። ማማሩ ግን እውነቱ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ሩሲያ ውስጥ ቹቫሽ የሚባል ሕዝብ አለ። ከእነሱ መካከል ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቪኤችኤል የወረሱ ሰዎች ቀይ የደም ሴል ይበዛባቸዋል፣ ደማቸው ይረጋባቸዋል፤ የኩላሊት ዕጢ ግን አያወጡም። በአይጦችም ቢሆን ከኩላሊታቸው ቪኤችኤልን ብቻ ቢያጠፉባቸው ካንሰር አይመጣባቸውም። ጂኑ ተበላሽቶ ካንሰር ከሌለ ታዲያ ምክንያቱ እሱ ነው የሚባለው እንዴት ነው?

ተስፈኛው፦ ብቻውን አይበቃም፣ ልክ ነሽ። በቹቫሾቹ ላይ ጂኑ ይዳከማል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ሂፍን በከፊል ያፈርሳል። ብልሽቱ የት ላይ እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ይለያያል፤ ለዚህም ነው "ጂኑ ተነክቷል" ማለት ብቻውን መልስ የማይሆነው። የአይጦቹ ነገር ደግሞ ወደ ቀጣዩ ፍለጋ ወሰደን። ከቪኤችኤል ጋር ፒቢአርኤም1 የሚባለው ጂንም ሲጠፋ አይጦቹን ካንሰር ያዛቸው። ይህ ጂን በሰው ክሊር ሴል ዕጢ ከመቶ በአርባው ያህል ተበላሽቶ ይገኛል። ሴትዲ2 እና ባፕ1 የሚባሉ ሌሎች ሁለት ጂኖችም በብዛት ይበላሻሉ። አሁን የሚገርመውን ስሚ፤ አራቱም ያሉት እዚያው የክሮሞዞም 3 አጭር ክንድ ላይ ነው። ክንዱ አንድ ጊዜ ሲሰበር ከአራቱም አንድ አንድ ቅጂ በአንድ ቀን ይሄዳል። ለሴሉ ከዚያ በኋላ በየጂኑ የምትቀረው አንዲት ቅጂ ናት።

ተጠራጣሪዋ፦ ባፕ1 የጠፋበት ዕጢ ክፉ፣ ፒቢአርኤም1 ብቻ የጠፋበት ለስለስ ያለ መሆኑን አንብቤያለሁ። ግን ወረቀቱ በእጄ ቢገባ፣ ባፕ1 ጠፍቷል ቢል፣ ነገ ጠዋት ለሕመምተኛው የማዝለት ነገር ይለወጣል?

ተስፈኛው፦ ዛሬ ባለው ሕክምና መድኃኒት አያስለውጥም።

ተጠራጣሪዋ፦ ይኸው። ሌላም አለብኝ። ዕጢው አንድ ሆኖ እኮ አይደለም የሚነበበው። በ2012 ለንደን ውስጥ የቻርልስ ስዋንተን ቡድን ከአንድ ሕመምተኛ ዕጢ የተለያዩ ቦታዎች ናሙና ወስዶ እያንዳንዱን ለየብቻው አነበበ። ከተገኙት የዘረመል ለውጦች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሁሉም ናሙና ላይ አልነበሩም። ይባስ ብሎ የአንዱ ጫፍ ንባብ ሕመምተኛው ደህና እንደሚሆን ያሳያል፣ የሌላው ጫፍ ንባብ ደግሞ ተቃራኒውን። እኔ በመርፌ የምወስደው የክብሪት እንጨት የምታክል ቁራጭ ናት። የዚያችን ንባብ ይዤ ለሰው ዕጣ ፈንታውን ልንገረው?

ተስፈኛው፦ አንዷን ቁራጭ ይዘሽ አትንገሪው። ያ ጥናት ሁላችንንም ያስደነገጠ ነው፤ ያስደነገጣቸው ሰዎች ግን እዚያ አላቆሙም። በ2018 ከ101 ሕመምተኞች ከ1,200 በላይ ናሙና አንብበው ውጤቱን አወጡ። ያኔ ዝብርቅርቁ ሥርዓት ያዘ። ተመራማሪዎቹ ግንድና ቅርንጫፍ ይሉታል፤ የክሮሞዞም 3 መጉደል በዕጢው ሁሉ ስላለ ግንድ ነው፣ የቀረው እየቆየ የበቀለ ነው። ቅርንጫፉ የበዛ ዕጢ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ሲሰራጭም አስቀድሞ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው፤ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ የተሰራጨበትን ቦታ ቆርጦ በማውጣት ብዙ ዓመት ሊያገኝ ይችላል። ጥፋቱን ሁሉ ገና ከግንዱ ያከማቸ ዕጢ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ቦታ ይበተናል። ለመሰራጨት በተለይ የሚረዱት የክሮሞዞም 9 አጭር ክንድና የክሮሞዞም 14 ረጅም ክንድ መጥፋት መሆናቸው ታወቀ። እየቆረጥን ያወጣነው ዕጢ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ አልነበረም ማለት ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ ያዳነን መድኃኒት ግን ከዚህ ሁሉ ንባብ የመጣ አይደለም። በ2015 ኒቮሉማብ ፈቃድ አገኘ፣ በ2018 ከኢፒሊሙማብ ጋር ተጣምሮ መሰጠት ጀመረ፣ ከዚያ ፔምብሮሊዙማብ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጣቸውን ሰዎች ዕድሜ እንደሚያራዝም ታየ። የሰውነትን በሽታ መከላከያ የሚቀሰቅሱት እነዚህ መድኃኒቶች ናቸው የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰርን ታሪክ የለወጡት። ለማን እንደሚሰጡ የሚወሰነው በበሽታው ደረጃና በሕመምተኛው ሁኔታ ነው። ቪኤችኤል አለ የለም ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም የለም። በጂን ከተመራው ይልቅ ጂን ያልጠየቀው ሠራ።

ተስፈኛው፦ ይህ ከባዱ ተቃውሞሽ ነው፤ ላቃልለው አልሞክርም። የኩላሊት ካንሰር እንደ ቆዳ ካንሰር ብዙ የዘረመል ለውጥ የለበትም፤ ያም ሆኖ ለእነዚህ መድኃኒቶች ይመልሳል። ለምን እንደሆነ አሁንም እንቆቅልሽ ነው። ግን "ከጂኑ ምንም አልመጣም" ለማለት አይፈቀድልሽም። ከ2005 መጨረሻና ከ2006 ጀምሮ የገቡት ሶራፌኒብና ሱኒቲኒብ የደም ሥር ማብቀያውን መልእክት የሚያግዱ ናቸው፤ ዛሬም የእነሱ ዓይነት መድኃኒት በሽታ መከላከያን ከሚቀሰቅሱት ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ዕጢው በዚያ መልእክት እንደሚኖር ያስረዳን ቪኤችኤል ነው። ቀጥሎ ቤልዙቲፋን መጣ። ሂፍን ራሱን የሚይዝ መድኃኒት አይሠራም ተብሎ ለዓመታት ይታመን ነበር፤ ዳላስ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በፕሮቲኑ ውስጥ አንዲት ጠባብ ጎድጓዳ ቦታ አግኝተው እሷን የሚሞላ ሞለኪውል ፈለጉ። በ2021 ቪኤችኤልን ለወረሱ ሰዎች ተፈቀደ። በጥናቱ ውስጥ ከነበሩት 61 ሰዎች በግማሽ ያህሉ የኩላሊቱ ዕጢ ሟሸሸ። በየጥቂት ዓመቱ ሆዳቸው ይከፈት ለነበሩ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ተጠራጣሪዋ፦ አውቃለሁ፣ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን እዚያው ላይ አያቁሙ፣ ቀጥሉበት። በ2023 መጨረሻ ያው መድኃኒት ካልወረሱት መካከል በሽታው ለተሰራጨባቸውና ሌላ መድኃኒት ሞክረው ለከሸፈባቸው ተፈቀደ። ዕጢው የሟሸሸው ከአምስት ሰዎች በአንዱ ነው። ሲነጻጸር ከነበረው ከኤቨሮሊመስ ይሻላል፣ እሱ ከመቶ ለአራቱ እንኳ አልሠራምና፤ ዕድሜ ማራዘሙ ግን አልታየም። ግንዱ ቪኤችኤል ከሆነ፣ ግንዱን የመታው መድኃኒት ዛፉን ለምን አልጣለውም?

ተስፈኛው፦ በወረሱት ሰዎች ላይ ዕጢው ገና ወጣት ነው፣ ጥገኝነቱ በሂፍ ላይ ነው። በተሰራጨው ላይ ግን ሠላሳ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሌላ መተዳደሪያ አበጅቷል። ዕድሜውን ያሳየው በ2018 ከወጡት ጥናቶች አንዱ ነው። ያ የክሮሞዞም 3 ክንድ የሚሰበረው በልጅነት ወይም በጉርምስና ነው። በስድሳ ዓመቱ ወደ አንቺ የመጣው ሰው የመጀመሪያው ጉዳት የደረሰበት ምናልባት ትምህርት ቤት ሳለ ነው። ሴሎቹ ጥቂት መቶ ሆነው፣ ምንም ሳያሳምሙ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣሉ። መድኃኒቱን በመጨረሻው ሰዓት ሰጥቶ "ግንዱ አልወደቀም" ማለት ለእኔ ፍርዱን ያፋጥነዋል።

ተጠራጣሪዋ፦ ታዲያ ምን ልናደርግ ነው፣ የልጆችን ኩላሊት እንፈልግ?

ተስፈኛው፦ የለም። እንዲህ ያለ ሴል ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር ሳይዛቸው ነው የሚኖሩት። እኔ የምለው ረጅም ጊዜ መኖሩን ማወቃችን የምንፈልገውን ነገር ይለውጣል ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሴሉን ወደ ካንሰር የሚገፋው ምንድን ነው? ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የደም ግፊት እንደሚያጋልጡ እናውቃለን። ዕጢው ውስጥ የሚቀረው ምልክት ደግሞ ሌላውን ይነግረናል። በ2024 ከ11 አገሮች የመጡ 962 ዕጢዎች ተነበቡ። ከሮማኒያና ከሰርቢያ በመጡት ላይ የአሪስቶሎክያ ተክል መርዝ የሚተወው ምልክት ተገኘ። ይህ ተክል በስንዴ ማሳ ውስጥ በቅሎ ፍሬው ከእህሉ ጋር ይፈጫል፤ በባልካን ወንዞች ዳር ኩላሊት ሲያደክም እንደኖረ ይታወቃል። ዕጢዎቹ ሲነበቡ ግን መርዙ ከታወቁት መንደሮች ውጭ ያሉ ሰዎችንም እንደነካ ታየ። ይህን በሲቲ ስካን አታይውም።

ተጠራጣሪዋ፦ ከ11ዱ አገሮች ስንቱ አፍሪካ ውስጥ ነው?

ተስፈኛው፦ አንድም።

ተጠራጣሪዋ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ንጽጽር ከጥቁሮች የተወሰዱ ክሊር ሴል ዕጢዎች ላይ የቪኤችኤል ብልሽት ከነጮቹ አንሶ ተገኝቷል። በጥቁሮች ላይ ፓፒላሪ የሚባለው ሌላው ዓይነትም በብዛት ይታያል። እርስዎ ግንድ የሚሉት የማን ግንድ ነው? እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው የሌለበትን ካርታ ይዤ እሱን ልምራበት? የሚመጣውም ዘግይቶ ነው፤ ደም መሽናት ከጀመረ ወራት አልፈውት፣ ጎኑ ላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ይዞ። ገንዘብ ካለ በየጤና ጣቢያው አልትራሳውንድና የሠለጠነ እጅ ይግባ እላለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ተስፈኛው፦ አልትራሳውንዱ ይቅደም፤ በዚህ አልከራከርሽም። ግን የካርታው ጉድለት ከካርታው እንድንርቅ ምክንያት ከሆነ ጉድለቱ ለዘላለም ይቆያል። ያለ ማሽንም የሚነበብ አለ። የወጣውን ዕጢ በሰም ብሎክ ውስጥ ፓቶሎጂ ክፍሎች ያስቀምጡታል። የኤፍኤች ፕሮቲን ወይም የባፕ1 ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ በስላይድ ላይ በፀረ እንግዳ አካል ቀለም ይታያል፤ የጂን ማንበቢያ አያስፈልገውም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጥያቄ አለ፣ ዋጋ የለውም። "እናትህ ወይም እህትህ በወጣትነቷ በማኅፀን እብጠት ምክንያት ማኅፀኗ ወጥቶ ያውቃል?" በይው። የኤፍኤች ቤተሰብ ሴቶች ይህ ያጋጥማቸዋል።

ተጠራጣሪዋ፦ ጋሼ፣ የማኅፀን እብጠት በጥቁር ሴቶች ላይ ምን ያህል የበዛ እንደሆነ ያውቃሉ። ያንን ብጠይቅ ግማሹ ሰው "አዎ" ይለኛል። ሁሉን ላስደነግጥ ነው?

ተስፈኛው፦ ለብቻው አትጠይቂው። ሕመምተኛው ከ46 ዓመት በታች ነው ወይ? ቆዳው ላይ ሲነኩት የሚያም ጠንካራ ፍንጣቂ እብጠት አለ? በቤተሰቡ ኩላሊት የታመመ አለ? እነዚህ ሲደራረቡ ብቻ ስላይዱን አስቀቢ። ስላይዱ ኤፍኤች የለም ካለ ደሙ ይላክ። ከዚያ ለልጆቹ የሚፈለገው አንዲቷ የታወቀች ብልሽት ብቻ ናት። እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው። ያልወረሰው በዚያው ቀን ከክትትል ነፃ ይወጣል፣ ዕድሜውን ሙሉ አይፈራም።

ተጠራጣሪዋ፦ የወረሰውስ? ከስምንት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ በየዓመቱ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል። አልትራሳውንድ አይበቃውም፤ የዚህ ዓይነቱ ትንሽ ዕጢ በአልትራሳውንድ ሊያመልጥ ይችላል። አባትየው ለመጀመሪያው ዓመት ተሟሙቶ ያገኛል፣ ለሁለተኛው ይበደራል፣ በሦስተኛው ይቀራል። ያኔ እኔ የሰጠሁት ማንም የማይፈጽመው ትእዛዝ ያለበት ወረቀት ነው። ልጁ ደግሞ ያውቀዋል፤ እያወቀ ያድጋል።

ተስፈኛው፦ ወረቀቱን ባትሰጪውም ጂኑ አለበት። በሠላሳ ዓመቱ ደም እየሸና ሲመጣብሽ፣ ዕጢው ጉበቱ ደርሶ ስታይ፣ አባቱን ቀብረሽ ልጁን እንዳልነገርሽው ታስታውሻለሽ። ድህነቱን አስበሽ ስለ እሱ አስቀድመሽ ከወሰንሽ፣ ሌላ በሩን ራስሽ ዘጋሽበት።

ተጠራጣሪዋ፦ ስለ እሱ አልወስንም። ደሙን ከመውሰዴ በፊት ከአባትየው ጋር እቀመጣለሁ። ምርመራው ምን እንደሚያስከትል፣ ክትትሉ የት እንዳለ፣ በዓመት ስንት እንደሚፈጅ፣ ሳይደብቅ የሚነግረው ሰው እኔ ልሁን። አልፈልግም ካለኝ ግን አልገፋውም።

ተስፈኛው፦ አትግፊው። ግን ብሎኩ ይቀመጥ፣ የዘመድ ስልክም ያዢ። ሐሳቡን የለወጠ ቀን፣ ወይም ልጁ አድጎ ራሱ የጠየቀ ቀን፣ የሚነበብ ነገር ይኑር።

ተጠራጣሪዋ፦ ብሎኩን አስቀምጣለሁ። እስከዚያ ዕጢው ልጁን ከቀደመው ተጠያቂዋ ያልገፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አውቄ ነው የምናገረው። እርስዎም ደሙን ወስደው ክትትሉ ሲቋረጥ የሚጠየቁበትን ይወቁልኝ።